የወጪ ቅርጫት

ጋሽ መዝገብ ከወንበራቸው ለአምስተኛ ጊዜ ተነሱ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ ግቢው በር አዩ፤ ማንም የለም። ተመልሰው ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች በቁመታቸው ደረደሩ፤ ደስ አላላቸውም፤ አፈረሱና በቀለማቸው ደረደሩ። ከዚያ ለስድስተኛ ጊዜ ተነሱ።

«ኧረ ጋሼ በእናትህ! አንተ ስትነሳ ስትቀመጥ እኔን ደከመኝ» አለች ታናሽ እህታቸው፣ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ እንደተቀመጠች። «አራት ሰዓት እመጣለሁ ነው ያለው። ገና ሩብ ጉዳይ ነው።»

«ቁም ነገረኛ ሰው ሩብ ጉዳይ ላይ ደርሶ በር ላይ ይጠብቃል።»

«ደርሶ ቢሆን ደግሞ ‹ምን አስቸኮለው› ትል ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ይሉ ነበር።

ጋሽ መዝገብ የሚለውን ስም እናት አባታቸው አላወጡላቸውም። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ስለሠሩ ሰፈሩ የለጠፈባቸው ነው። እሳቸውም ከመልመዳቸው የተነሳ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሲገኝ ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። እቤታቸው ውስጥ የእህታቸው የመነጽር ማዘዣ ሳይቀር የመዝገብ ቁጥር አለው።

የሚጠብቁት የልጃቸውን ባል ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ኮምፒውተራቸው ከተበላሸ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ይህን ሰው ከመጥራት ግን ሦስት ዓመት ቢበላሽ ይመርጡ ነበር። የጠራችው እህታቸው ናት፣ ሳታማክራቸው።

ነገሩ የቆየ ነው። በመጨረሻው የሥራ ዓመታቸው መሥሪያ ቤቱ «ከወረቀት እንገላገል» አለና ኮምፒውተር አስገባ። ሊተክል የመጣው ገመድ አንገቱ ላይ የጠመጠመ፣ ጥርሱ የማይከደን አንድ ወጣት ነበር። ጋሽ መዝገብ በገዛ እጃቸው የደረደሩትን ሠላሳ አንድ ዓመት በሦስት ቀን ጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ወደ መጋዘን ሸኘው። በእነዚያው ሦስት ቀናት አባቷ የረሱትን የቤት ቁልፍ ልታቀብል የመጣችው አንድያ ልጃቸው ከልጁ ጋር ተዋወቀች። «መዝገቤንም ልጄንም በአንድ ሳምንት ወሰደ» ይሉ ነበር፤ ሲሉም አይቀልዱም።

ልጃቸው በዓመቱ ስታገባ ሠርጓ ላይ አልተገኙም። ወገቤን ቆረጠኝ ብለው ቀሩ። ወገባቸው ያን ቀንም ሆነ ዛሬ አንድም ነገር የለበትም፤ ይህን ደግሞ ከልጃቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እሷም የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። በወር አንዴ ትደውላለች። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። አክስቴስ? ደህና ናት። ስልኩ ጆሯቸውን ሳያሞቅ ይዘጋል።

አሁን ባልና ሚስቱ ሩቅ አገር ሥራ አግኝተዋል። የሚበሩት ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ጋሽ መዝገብን መቀመጫ ያሳጣቸው ይኼ ነው፤ ምክንያቱም ለልጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ አሳልፎ አልሰጥ ብሏል።

ለምን ደብዳቤ? ስልክ አንስቶ መናገር፣ ታክሲ ይዞ መሄድ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ለሌላ ሰው። ጋሽ መዝገብ ግን ቁጥርና ቀን ያልተጻፈበት ነገር እንዳልተባለ በሚቆጠርበት ክፍል ውስጥ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። በአፍ የተነገረ ነገር የት ይገኛል? ማን ፈርሞ ተረከበው? ስለዚህ ለሦስት ዓመት ጻፉ። ጻፉ፣ አልረኩም፣ ሌላ ጻፉ። እስካሁን አሥራ አራት ሆኗል። አሥራ አራተኛውን የጨረሱ ዕለት ሲያነቡት ይኼ ነው አሉ። አትሞ ለመስጠት ግን ድፍረት አጡ። ነገ እያሉ አንድ ወር ተኙበት፤ ከዚያ ይኼ መዓት ወረደ።

መዓቱን ያወረደችው እህታቸው ናት፤ ትክዳለች እንጂ። የምትከታተለውን ድራማ የምታየው በዚያው ኮምፒውተር ነው። ልጅቷ «አባቴ አንተ ነህ» ልትል አፏን ስትከፍት ስክሪኑ መሐል ላይ አንድ ሰማያዊ ሳጥን ብቅ ብሎ ሸፈናት፤ አዲስ ሲስተም መጥቷል፣ አሁን ይሻሻል ወይስ በኋላ? ጋሽ መዝገብ ይህን ሳጥን ለወራት «በኋላ» እያሉ ሲመልሱት ኖረዋል። እህታቸው ዞር እንዲልላት ብላ አንዱን ተጫነችው። ድራማውም ጠፋ፣ አባትየውም ሳይታወቅ ቀረ፣ ኮምፒውተሩም ለሁለት ሰዓት ያህል ነጭ ነጥቦች ሲያሽከረክር ቆይቶ ሌላ ሰው ሆኖ ተነሳ።

አዲሱ ሲስተም አፍ የበዛበት ነው። ሲከፈት ሰላም ይላል፤ ስምዎ ማን ነው ይላል፤ የልደት ቀን፣ ስልክ፣ ፊትዎንም ያሳዩኝ ይላል። «የገዛ ቤቴ በር ላይ ዘበኛ ቆሞ ማን ነህ ይለኛል እኮ!» ብለው ጮኹ ጋሽ መዝገብ። ሰምተውት የማያውቁት ከተማ ዝናብ እንደሚዘንብበት ይነግራቸዋል። ጥግ ላይ የነበረው መክፈቻ መሐል መጥቷል። ይህን ሁሉ በቻሉት ነበር። ደብዳቤውን ሲከፍቱት ግን ፊደል የሚባል የለም፤ ከላይ እስከ ታች ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ኮፍያ የደፋ የፈረንጅ ፊደል። በዚያ አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ ነበር የጻፉት፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ መጻፊያውን አላውቀውም አለ።

ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ታገሉት። አጠፉት፣ አበሩት፣ ሶኬቱን ነቅለው አንድ ቀን ሙሉ አሳረፉት። ወደ ድሮው መመለሻ እንዳለው ያወቁት በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ መመለሻው የሚሠራው ለአሥር ቀን ብቻ ነበር። «ፍርድ ቤት እንኳን ለይግባኝ ከዚህ የተሻለ ቀን ይሰጣል» ብለው ማውሱን ወረወሩት። እህታቸው ስልኩን ያነሳችው ያን ጊዜ ነው።

መኪና በር ላይ ቆመ። ጋሽ መዝገብ በመጋረጃው ስንጥቅ አዩ። አማቻቸው ቦርሳውን ይዞ ወረደ። መሪው ላይ ያለችው ልጃቸው ናት። ሞተሩን አላጠፋችም። ፊቷ ግማሹ ብቻ ይታያል፤ ከስታለች ወይስ እንዲህ ሆና ነው የምትታየው? ወደ ቤቱ ሳትዞር መኪናውን አንቀሳቅሳ ሄደች።

«እንደምን አደሩ አባባ?» አለ አማቻቸው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ።

«ደህና።»

«ጊዜ የለንም፤ ሻንጣ እያሰርን ነው። እኩለ ቀን ላይ መጥታ ትወስደኛለች። እስከዚያ እንጨርሰዋለን።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አዲሱ ሲስተም ሰላም ሲለው እሱም በልምድ ዘጋው። ጋሽ መዝገብ ከጀርባው ቆሙ፤ ከዚያ ከጎኑ፤ ከዚያ እንደገና ከጀርባው። ልጁ ጥርሱን አልገለጠም፤ ድሮ የሚያናድዳቸው ያ ፈገግታ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ አለመኖሩ አናደዳቸው።

«አባባ፣ አሮጌውን ለመጫን ፎርማት መደረግ አለበት። ማለት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የሚፈልጉትን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ልገልብጥልዎ። የት የት ነው ያስቀመጡት?»

«ሁሉም በቦታው ነው።»

«ቦታው የት ነው?»

«እኔ ነገር የማዝረከርክ ሰው ነኝ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ስክሪኑ ላይ አይታይህም እንዴ? እዚያ ያለውን ሁሉ ውሰድ። እንዳትከፍት ግን። አንድም ነገር እንዳትከፍት!»

«እሺ፣ አልከፍትም። ስክሪኑ ላይ ያለውን፣ ሰነዶችና ፎቶዎች የሚሉትንም እወስዳለሁ።»

«ውሰድ።»

ደብዳቤ አለ፣ እንዲህ የሚባል ደብዳቤ ፈልግልኝ ማለት ነበረባቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ደብዳቤው ውስጥ የዚህ ልጅ ስም አሥር ጊዜ አለ፤ ከፍቶ ቢያነብስ? ሳጥን ቢሆንም ባለሙያ ነው፣ ሳጥኑን ሊፈታው ይችላል። ክፍሉን ለቀው ወጡ፤ ኮሪደሩን ሄዱበት፣ ተመለሱበት፤ ወጥ ቤት ገብተው ውሃ ቀዱ፣ ሳይጠጡት ማጠቢያው ላይ ደፉት።

ደብዳቤዎቹ የነበሩት ስክሪኑ ግራ ጠርዝ ላይ ያለችው ቅርጫት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ጋሽ መዝገብን ማወቅ ያስፈልጋል። በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ቅርጫት ነበር፤ በስተቀኝ ገቢ፣ በስተግራ ወጪ። ያለቀለት ደብዳቤ ወጪ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ከገባ በኋላ ማንም አይነካውም፣ ተላላኪው ብቻ ነው የሚያነሳው። በሠላሳ አንድ ዓመት ከወጪ ቅርጫት የጠፋ አንዲት ወረቀት የለም። ኮምፒውተር የገዙ ዕለት ስክሪኑ ላይ ግራ ጠርዝ ላይ ቅርጫት ሲያዩ እነዚህ ሰዎች ለካ ሥራ ያውቃሉ አሉ። የጨረሱትን ሁሉ እየጎተቱ እዚያ ይከቱ ጀመር። አልጠፋም፤ ሲከፍቱት በተርታ ተደርድሮ ያገኙታል፣ ቀኑ ሳይቀር። እንዲያውም ቅርጫቱ ውስጥ እያለ አልከፈትም ማለቱን ወደዱለት። መጀመሪያ ወደ ቦታው መልስ ብሎ ማውጣት፣ ማንበብ፣ ከዚያ መልሶ መክተት። መዝገብም ሳይፈረም አይወጣም። ለሦስት ዓመት ይህን ሲያደርጉ አንድ ሰው እንኳን ጠጋ ብሎ ምን እያደረጉ ነው አላላቸውም፤ ማንንም አያስጠጉም ነበርና።

«አርባ በመቶ ገልብጧል» አለች እህታቸው በበሩ አንገቷን አስግጋ። «ጋሼ፣ ና ሻይ ጠጣ።»

«አልጠጣም።»

«እሱ ጠጥቷል። ሁለት ብርጭቆ። ስላንተ ጤና ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ወገቡን ያመዋል አልኩት» ብላ ሳቋን አፍና ሄደች።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አማቻቸው ጠራቸው። ሲገቡ ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፤ ሰላም አይልም፣ ስም አይጠይቅም። ከጀርባ ያ የድሮው የአረንጓዴ ሜዳ ሥዕል፣ መክፈቻው ጥግ ላይ፣ ሰዓቱ በቦታው። ደረታቸው ቀለል አላቸው። የድሮውን መጻፊያ ከፍተው ሀ ብለው መቱ፤ ሀ ወጣ። ለ መቱ፤ ለ ወጣ።

«ተባረክ!» አሉ ሳይታሰባቸው።

አማቻቸው ቀና ብሎ አያቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው መልካም ቃል ነበር፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እኔም የድሮውን ነው የምወደው አባባ» አለ ገመዱን እየጠቀለለ። «ፋይሎችዎን መልሻቸዋለሁ፤ ይዩአቸው።»

ጋሽ መዝገብ ቅርጫቷን ሁለቴ ነኩ። ተከፈተች። ነጭ ናት። ዘጉና እንደገና ከፈቱ። ነጭ።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«የታለ እዚህ ውስጥ የነበረው!»

አማቻቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «እዚህ ውስጥ? ቆሻሻው ውስጥ?»

«የምን ቆሻሻ ነው? ወጪ ቅርጫት ነው እንጂ! ያለቀ ሥራ የሚቀመጥበት! ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ውሰድ አላልኩህም?»

«አባባ» አለ ልጁ በቀስታ፣ «ይኼ እኮ የሚጣል ነገር የሚገባበት ነው። ሰው ሊያጠፋው የፈለገውን ነው እዚህ የሚከተው። እኔ እሱን አልገለበጥኩም።»

ጋሽ መዝገብ ወንበሩን ይዘው ቆሙ። መጀመሪያ ልጁ ይስቃል ብለው ጠበቁ፤ ቢስቅ ይሻላቸው ነበር፤ ይቆጡ ነበር። ልጁ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይመለሳል?»

«አንዳንዴ። ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ቢገኝም ቁርጥራጭ ነው።»

«ቅዳሜ ነው የምትሄዱት።»

«አዎ። ምን ነበር የጠፋው?»

«ደብዳቤ።»

«ለማን?»

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ አጭር፣ አንዴ። ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ለሚስትህ» አሉ ጋሽ መዝገብ።

ልጁ የያዘውን ገመድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ምን ይላል?»

«የትኛው? አሥራ አራት ነው።»

«የመጀመሪያው?»

«የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዱ ጥፋተኛው አንተ ነህ ነው የሚሉት» አሉ ጋሽ መዝገብ፤ መዋሸት ትዝም አላላቸው።

«እሺ። አሥራ ሁለተኛውስ?»

«እሷ ናት ይላል።»

«አሥራ ሦስተኛው?»

«ኮምፒውተር ነው ይላል።»

አሁን ልጁ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አይታወቅም። «አሥራ አራተኛውስ አባባ?»

ጋሽ መዝገብ ወደ በሩ አዩ። አንድ ወር ሙሉ በቃላቸው የያዙት ደብዳቤ ነው፤ ነጥቡና ሠረዙ ሳይቀር ያውቁታል። ጥሩንባው ሁለተኛ ጊዜ ጮኸ፤ አሁን ረዘም ብሎ። ልጁ ቦርሳውን አላነሳም፤ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እዚሁ ሻይ እጠጣለሁ» አለ።

ጋሽ መዝገብ በቤት ነጠላ ጫማቸው ወጡ። ግቢውን እንዴት እንዳቋረጡት አያውቁም። ልጃቸው ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። መስታወቱን በጣታቸው አንኳኩ። ደንግጣ ቀና አለች፤ መስታወቱን እስከ ግማሹ አወረደችው።

«ምን ሆነ? እሱ የታለ?»

«ምንም አልሆነም። ውስጥ ነው።»

ሞተሩ ይሠራል። ጋሽ መዝገብ የመስታወቱን ጠርዝ ያዙ።

«ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። ጠፋ።»

«እሺ አባዬ፣ ምንም አይደል።»

«ነው እንጂ!» ብለው ጮኹ፤ በመጮኻቸው ደግሞ ደነገጡ። «ያን ቀን ወገቤን አላመመኝም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ሙሉ ልብሴን ለብሼ ነበር። ጫማዬንም ራሴ ቦርሼ። ከጠዋት ጀምሮ በሩ ሥር ቆሜ እጀታውን ስይዝ ስለቅ፣ ስይዝ ስለቅ ዋልኩ። እልህ ያዘኝ። አሁን ያልቃል፣ አሁን ይበተናሉ እያልኩ እዚያው ቆሜ መሸ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ያንቺም አይደለም። የእኔ ነው። ደብዳቤውም የሚለው ይኼንኑ ነው፤ ሁለት ገጽ ነበር።»

ልጃቸው ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ታያለች።

«የፊተኛው መስመር ላይ ወንበር ይዤልህ ነበር» አለች። «አክስቴ እግሯን ደክሟት ልቀመጥበት ብትለኝ እንኳን እንቢ አልኳት። ፎቶ አንሺው ‹ባዶ ወንበር ፎቶ ያበላሻል፣ ይነሳ› ብሎ መጣ። አታነሳውም አልኩት። ሁሉም ፎቶ ላይ አለ።»

ጋሽ መዝገብ ከሠርጓ ፎቶ አንዱንም አይተው አያውቁም። ልላክልህ ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃቸው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ወሬ አንስተውባታል።

«አሳዪኝ» አሉ።

ልጃቸው ሞተሩን አጥፍታ ከመኪናው ወረደች።